ግንቦት ልደታ በአሌክሳንድሪያ

ከዋሽንግተን ዲሲ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ምዕራባዊ ጫፍ ሰዘርን ታወርስ የሚባሉ አምስት ረጃጅም የኪራይ ሕንፃዎች አሉ። ከነዋሪዎቻቸው መካከል ኢትዮጵያውያን በጣም ብዙ ናቸው። አሳንሰሩ ቡና ቡና ይሸታል። ገና ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ የሚሰለፉት ሰዎች ፊት፣ ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ ስወርድ በየቀኑ የማየው ፊት ነው። አብዛኞቹ ወደ አየር ማረፊያው፣ ወደ ሆቴሉ፣ ወደ አረጋውያን መጦሪያው፣ ወደ መኪና ማቆሚያው ለሥራ የሚሄዱ ናቸው። እህቴ የምትኖረው ከነዚህ ሕንፃዎች ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። ልጠይቃት የሄድኩት በሚያዝያ መገባደጃ፣ ብርዱ ለቆ ዛፉ ሁሉ ቅጠል በሚያወጣበት ጊዜ ነበር።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ነው። የቀበሌ ቤት ልጅ ነኝ። ግቢያችን ውስጥ ስድስት ቤተሰብ በአንድ የውኃ ቧንቧ ይጠቀም ነበር፤ ማን ምን እንደሠራ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ ሳይጠየቅ ይታወቃል። ይህን የምናገረው ድህነቱን ለማሳመር ብዬ አይደለም። የጋራ መጸዳጃ ቤቱ ክረምት ሲገባ የሚያደርሰውን መከራ፣ በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባውን ዝናብ አልረሳሁም። ነገር ግን እዚያ ያደገ ሰው ሌላ አገር ሄዶ መጀመሪያ የሚያስተውለው ነገር የጎረቤትን በር ነው። እህቴ እዚያ ቤት ስትኖር ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ከፊት ለፊቷ የሚኖሩትን ሰዎች ስም ግን አታውቅም። ክፉ ሆና አይደለም። እሷ ሌሊት ትሠራለች፣ እነሱ ቀን ይሠራሉ። ሲገናኙ ፈገግ ይባባላሉ፤ በሩ ይዘጋል።

ወደዚህ አካባቢ በብዛት የመጣው የመጀመሪያው ትውልድ ለመቅረት አልመጣም። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት የሄዱት ተምረው ይመለሱ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ መንገዱ ተለወጠ፤ ብዙዎች በሱዳን በኩል በእግራቸው ወጡ። አሜሪካ የስደተኞች ሕጓን እ.ኤ.አ. በ1980 ስታወጣ፣ በዚያ ሕግ በብዛት ከገቡት አፍሪካውያን የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የመጡት ደርግ እስኪወድቅ ሊቆዩ ነበር። አንድ አባት እንደነገሩኝ፣ በአዲሱ አገር ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት አልጋ እንኳ አልገዙም፤ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግተው ነበር የሚተኙት፣ ዕቃ ማብዛት መቅረት መስሎ ስለታያቸው። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ደስ አላቸው፤ ግን አልተመለሱም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ሚስታቸው ሥራ ይዛለች፣ የጥንት ጓደኞቻቸው ግማሹ በሕይወት የለም። እንግዳ ሆኖ ለመኖር ያሰበ ሰው እንግድነቱ የሚያበቃበትን ቀን ሳይወስን ሃያ ዓመት ሊያልፈው ይችላል።

ከዚያ ዲቪ መጣ። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ሕግ የተፈጠረው ይህ ዕጣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ቪዛ ሲሰጥ፣ በየዓመቱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ዕድለኛ ሆነዋል። ጌጃ ሰፈር ውስጥ ዲቪ የደረሰው ልጅ ያለበት ቤት እንደ ሠርግ ቤት ነበር የሚደምቀው። ዕጣው ግን የመግቢያ ፈቃድ ይሰጣል እንጂ ሥራም፣ ቤትም፣ የሚቀበል ሰውም አይሰጥም። ጥገኝነት ያገኘ ስደተኛን ለጥቂት ወራት የሚረዳ ድርጅት አለ፤ ባለ ዲቪው ያለው አንድ ዘመድ ወይም አንድ የሰፈር ልጅ ነው። በዚያ ዘመድ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛል፤ ያ ዘመድ በሚያውቀው ሥራ ይቀጠራል፤ ያ ዘመድ የሚያውቀውን ያህል አገሩን ያውቃል። የዘመዱ ዓለም ጠባብ ከሆነ የእሱም ዓለም እንደዚያው ይጠብባል።

ሰፈራችን የፊዚክስ መምህር የነበሩ ሰው እዚያ አገኘሁ። እኔንም አስተምረውኛል። አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ይሠራሉ። ስለ ዲግሪያቸው ስጠይቃቸው በትዕግስት አስረዱኝ። ማስረጃው በሚገመግም ተቋም ታይቶ ከአሜሪካ ትምህርት ጋር ይነጻጸራል፤ ለመምህርነት የግዛቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ ፈተና አለ፤ ለፈተናው ጊዜ ያስፈልጋል። ጊዜው ግን ለኪራይ ተሽጧል። ሐኪም ከሆንክ ደግሞ የፈቃድ ፈተናዎቹን አልፈህ ሬዚደንሲ የሚባለውን ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለህ፤ ቦታውን ካገኘህ።

«እዚህ ምን ታውቃለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም ልጄ» አሉኝ። «እዚህ አገር ምን ሠርተሃል ነው የሚሉህ። የሠራሁት ደግሞ ይሄ ነው።»

በሌላ በኩል በሩን የከፈቱም አሉ። በሰሜን ቨርጂኒያ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍሎች ውስጥ የኛ ልጆች በብዛት ይማራሉ። የብዙ ሴቶቻችን መንገድ የታወቀ ነው፤ በረዳት ነርስነት ጥቂት ሳምንት ሠልጥነው አዛውንት ማጠብ ይጀምራሉ፣ ሌሊት እየሠሩ ቀን ይማራሉ፣ ከዓመታት በኋላ ነርስ ይሆናሉ። እህቴ በዚህ መንገድ መሐል ላይ ናት። እኔ እሷን ሳያት ኩራትም ጭንቀትም ይሰማኛል። እንቅልፏን ነው የምትከፍለው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የቤቱ አስተርጓሚ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንግሊዝኛውን ይሰጠዋል፤ ከዚያ የሐኪሙን ወረቀት፣ የአከራዩን ደብዳቤ፣ የገዛ ራሱን የትምህርት ቤት ክስ ጭምር ለእናቱ የሚያነበው እሱ ነው። አንዲት እናት ሐኪም ፊት ስለ ማሕፀኗ ሕመም የአሥር ዓመት ወንድ ልጇ እንዲናገርላት ስታደርግ የሚሰማትን እፍረት አስቡት። የዲሲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አስተርጓሚና የተተረጎሙ ሰነዶች እንዲያቀርቡ ታዘዋል፤ ከቋንቋዎቹ አንዱ አማርኛ ነው። በአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶችም አማርኛ በተማሪዎች ቤት ከሚነገሩ ዋና ዋና ቋንቋዎች ውስጥ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልጅን ልጅ ሆኖ እንዲቀር የሚያደርግ ሕግ ነው።

አንድ ቅዳሜ እህቴ ዲሲ ውስጥ ወዳለው ዩ ስትሪት ወሰደችኝ። ከዘጠነኛው ጎዳና ጋር የሚገናኝበት አካባቢ ብዙ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የነበሩበት ነው፤ አሁንም አሉ፣ ግን ቀንሰዋል። ይህ ጎዳና የጥቁር አሜሪካውያን ከተማ እምብርት ነበር። ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ አካባቢው በቁጣ ተቃጠለ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሱቆቹ ተዘግተው፣ ኪራዩ ወርዶ፣ ሰው ሸሽቶት ቆየ። የኛ ሰዎች የመጡት በዚያ ክፍተት ነው። ሌላው ሰው የተወውን ቤት ተከራይተው፣ ቀለም ቀብተው፣ እንጀራ ይዘው ገቡ።

እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ አንዳንድ ነጋዴዎች ቦታው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ እንዲሰየም ሲጠይቁ የጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃወሙ። በሎስ አንጀለስ በፌርፋክስ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ2002 እንዲህ ያለ ስያሜ ተሰጥቶ ስለነበር፣ ብዙ የኛ ሰዎች በዲሲው ተቃውሞ አዘኑ፤ ተናደዱም። እኔ ግን ከተቃዋሚዎቹ ጋር እስማማለሁ። የዚያ ጎዳና ስም በነሱ አያቶች ሙዚቃና ደም የተጻፈ ነው። ጌጃ ሰፈርን ነገ አንድ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ በራሱ አገር ስም ልጥራው ቢል እኛስ ምን እንል ነበር? ደግሞስ የእኛ ሰዎች ወደዚያ ከተማ ሲገቡ የጠበቃቸው መብት የተገኘው በማን ትግል ነው? የሚያሳዝነው፣ ክርክሩ ሳይረሳ የቤት ኪራዩ ሁለቱንም ወገን ገፋቸው። ሀብታሞች ገቡ፤ የኛዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ጥቁር አሜሪካውያኑም ወደ ዳር ወጡ።

ስለ ጥቁርነት በጌጃ ሰፈር ማንም አላስተማረንም፤ አያስፈልገንም ነበር። ከዚህ የሄደ ሰው ግን አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ያልጻፈው ታሪክ ላይ ይጨመራል። ብዙ አባቶች ለልጆቻቸው «እኛ ሐበሻ ነን፣ ከነሱ የተለየን ነን» ይላሉ። ይህ አባባል ልጁን አይጠብቀውም። ሙሉጌታ ስራው ለትምህርት የመጣ ኢትዮጵያዊ ወጣት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 በኦሬገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ፣ ራሳቸውን የተላጩ ዘረኛ ወጣቶች በዱላ ደብድበው ገደሉት። ከየት እንደመጣ አልጠየቁትም። ከሁለት ዓመት በኋላ በተካሄደው የፍትሐ ብሔር ክስ ገዳዮቹን አነሳስቷል በተባለው የዘረኞች ድርጅት፣ በመሪውና በሌሎች ተከሳሾች ላይ በድምሩ የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተፈርዷል። የእህቴ ልጅ ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ሰምቶታል። እራት ላይ አባቱ የተለመደውን ሲናገር ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ፖሊስ ቢያስቆመኝ እኮ ከየት አገር ነህ ብሎ አይጀምርም» አለኝ። አባቱ ዝም አለ። ያ ልጅ ስለ አዲሱ አገሩ ከወላጆቹ ይልቅ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ቢያዳምጡት ደግ ነው።

ግንቦት 1 በፈረንጆቹ ሜይ 9 ይውላል። በሰፈራችን ግንቦት ልደታ ከቤት ውጭ የሚበላ በዓል ነው። ሴቶቹ ባቄላውን፣ ስንዴውን፣ ሽንብራውን አዋጥተው ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ዳቦ ይደፋል፣ ቡና ይፈላል፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከደጅ ላይ ምርቃት ይደረጋል። ቤት ውስጥ አይበላም። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ኢያቄምና ሐና ከክፉ ሰዎች ሸሽተው ወደ ሊባኖስ ተራራ ሄደው፣ ድንግል ማርያም ከቤት ውጭ ስለተወለደች ነው። የሸሹ ሰዎች በዓል መሆኑን ልጅ ሳለሁ አላስተዋልኩትም ነበር።

በአሌክሳንድሪያ የአፓርታማ ግቢ ውስጥ እሳት ማንደድ አይፈቀድም፤ ብዙ ሰው መሰብሰብም ጥያቄ ያስነሳል። ስለዚህ የጌጃ ሰፈርና የአብነት ሰፈር ልጆች፣ አሁን እናቶች የሆኑት፣ ከከተማው መናፈሻ ጣሪያ ያለው የሽርሽር ቦታ ይከራያሉ። ከወራት በፊት ቅጽ ይሞላል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ የሰው ቁጥር ይጻፋል፣ «የዝግጅቱ ዓይነት» በሚለው ላይ አንዷ «የልደት በዓል» ብላ ትሞላለች። ንፍሮው ቤት ተቀቅሎ በማቀዝቀዣ ሣጥን ተጭኖ ይመጣል። ቡናው በጋዝ ምድጃ ይፈላል። በዓሉ በሥራ ቀን ከዋለ ወደ ቅዳሜ ይገፋል፤ አንዳንድ እናቶች በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አይስማሙም፣ ቀኑ ቀኑ ነው ብለው ብቻቸውን ደጅ ወጥተው ጥቂት ንፍሮ ይቀምሳሉ።

እኔ የተገኘሁበት ዕለት ፀሐያማ ነበር። አንዲት እናት መረቁ፤ ስለ አገር ሰላም፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ልጆች ፈተና፣ ስለ ሥራ። ልጆቹ «አሜን» የሚሉበትን ቦታ ያውቁታል። በአጠገባችን ባለው ጠረጴዛ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ልደት ያከብሩ ነበር፤ ወደዚያ ማዶ ደግሞ አፍጋኖች ሥጋ ይጠብሳሉ። ማንም ወደ ማንም አልሄደም። በመጨረሻ የእህቴ ጓደኛ አንድ ሳህን ንፍሮና ዳቦ ይዛ ተነሣችና ወደ ኤል ሳልቫዶሮቹ ሄደች። አንዲት ሴት ተቀበለቻት፤ ባዶ ሳህን አይመለስምና ኬክ ቆርጣ ላከች። ከዚያ ልጆቹ በኳስ ተቀላቀሉ። ለምን ከዚህ በፊት አልሄዳችሁም ብዬ ስጠይቅ መልስ ያገኘሁት ከእህቴ ጓደኛ ነው። «እኛ ግቢ ውስጥ ቢሆን ያልቀመሰ ጎረቤት እንዳይኖር ነበር የምንጨነቀው። እዚህ ቦታውን ስለከፈልንበት የኛ ብቻ መሰለን።»

አባቴን ያስታወስኩት ያኔ ነው። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ ጫማ ሊጠርግ ነው አዲስ አበባ የመጣው፤ ከዚያ መርካቶ ውስጥ ተላላከ፣ ነገደ። ጌጃ ሰፈር አንዲት ክፍል ሲከራይ አማርኛው ገና የተሰባበረ ነበር፤ ልጆች ይስቁበት ነበር። እድር ከገጠር ወደ ከተማ የፈለሱ ሰዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን በአዲስ አበባ ያስፋፉት ተቋም ነው፤ ዘመድ የሌለው ሰው የሚቀብረው እንዳያጣ። አባቴ የሰፈሩ ሰው የሆነበትን ቀን ሲናገር ቤት የተከራየበትን ወይም መታወቂያ ያወጣበትን ቀን አይጠቅስም ነበር። አንድ የማያውቃቸው ሽማግሌ ሞተው፣ የእድሩ ሰው በሩን አንኳኩቶ «አንተ ልጅ ና፣ ድንኳን ያዝ» ያለውን ቀን ነበር የሚጠቅሰው። ገና አባል አልነበረም። ገንዘብ አልጠየቁትም፤ ጉልበቱን ነው የጠየቁት። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ በስሙ ጠራው።

እንግዳን ማስተናገድ እኛ እንችልበታለን፤ ውኃ እንሰጣለን፣ እግር እናጥባለን። አሜሪካም በበኩሏ ለመጤው ብዙ ትሰጣለች፤ የሥራ ፈቃድ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ ለልጁ ነፃ ትምህርት ቤት። ሰው ግን በሚሰጠው ብቻ ቤተኛ አይሆንም። የሚጠየቀው ነገር ሲኖር፣ ቢቀር የሚታወቅበት ሥራ ሲሰጠው ነው። ለዚህ ማስረጃዬ እዚያው ሰዘርን ታወርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሆቴሉን፣ አየር ማረፊያውንና ታክሲውን ሲያቆመው ብዙ ተከራዮች ኪራይ መክፈል አቃታቸው። ኢትዮጵያውያን ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ተደራጅተው የኪራይ እፎይታ ጠየቁ፣ ሰልፍ ወጡ። በዚያ ከተሳተፉት አንዷን አግኝቻታለሁ። ከዚያ በፊት ስለ ከተማው ምክር ቤት ሰምታም አታውቅም ነበር፤ አሁን የወለሏን ሰው ሁሉ ታውቃለች፤ ሲታመሙም የሚደውሉት ለሷ ነው። እዚያ አገር ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ እንደ አገሯ ሰው የምትናገረው እሷ ናት፤ እንግሊዝኛዋ ግን ከእህቴ አይሻልም።

የውጭው ማኅበረሰባችን የራሱን እድር መሥርቷል፤ መዋጮው በስልክ ይላካል፤ አስከሬን ወደ አገር ለመላክ የሚያስፈልገው ብዙ ሺህ ዶላር በአንድ ቀን ይሰበሰባል። ይህ ባይኖር ብዙ ቤት ይፈርስ ነበር። ግን ያ የጌጃ ሰፈር እድር በአገር ልጅ ብቻ ቢወሰን ኖሮ አባቴን አይጠራም ነበር፤ አባላቱ ሐበሻ ብቻ የሆኑበት እድርም ሌላውን ጎረቤት አይጠራም። ይህን ለሰፈሬ ልጆች እዚያው ተናግሬዋለሁ። አንዳንዶቹ ተስማሙ፤ አንዳንዶቹ «አንተ በእንግድነት መጥተህ ትናገራለህ» አሉኝ፤ ይህም እውነት አለው፣ ሌሊት የምሠራው እኔ አይደለሁም።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። ኢትዮጵያ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ስደተኞች መጠጊያ ናት፤ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳን የመጡ። ብዙዎቹ ድንበር አካባቢ ባሉ መጠለያዎች ናቸው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በየሰፈሩ ተከራይተው ይኖራሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ሥራ የመሥራት፣ የመማር፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈት፣ ልደትና ሞትን የማስመዝገብ መብት ሰጥቷቸዋል። በወረቀት ደረጃ አፍሪካ ውስጥ ከሚመሰገኑት ሕጎች አንዱ ነው። በኛ ሰፈር በኩል የሚታየው ሌላ ነው። ከጎረቤት ግቢ አንድ የኤርትራ ቤተሰብ ተከራይቷል። አከራዩ «ከውጭ ዶላር ይላክላቸዋል» በሚል ግምት ኪራይ ይጨምርባቸዋል፤ ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር ይጫወታሉ፤ ወላጆቹን ለለቅሶ የጠራቸው የለም። እድራችን ውስጥ ለመግባት የቀበሌ መታወቂያ፣ የሚመሰክር አባል፣ ደግሞም ባለፉት ዓመታት የተጠራቀመውን ንብረት ድርሻ የሚያክል የመግቢያ ገንዘብ ይጠየቃል። ይህ ደንብ ሲጻፍ ማንንም ለመግፋት አልነበረም፤ ንብረቱን ለመጠበቅ ነበር። ውጤቱ ግን መግፋት ሆኗል፤ የሚገፋው ስደተኛውን ብቻ አይደለም፣ ከገጠር መጥቶ ክፍል የተከራየውን የቀን ሠራተኛም፣ ከፈረሰ ሰፈር ተነሥቶ ጀሞና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገባውን የገዛ ጎረቤታችንንም ነው።

የልደታ፣ የጌጃ ሰፈርና የሌላውም ሰፈር የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንድ አጀንዳ አስይዙ፤ ተከራይና ስደተኛ የሚገቡበት፣ የመግቢያ ገንዘቡ በወርሃዊ መዋጮ ቀስ እያለ የሚከፈልበት የአባልነት ደንብ ይውጣ። ደንቡ እስኪጸድቅ ድረስ ደግሞ ለሚቀጥለው ለቅሶ ድንኳን ሲተከል፣ አዲስ የመጣውን ሰው በር አንኳኩታችሁ ጥሩት።